የኋላው መቀመጫ

አገርነሽ ቀዩን ሞተር ሳይክል ባየችው ጊዜ ሳታውቀው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ከዓባይ ማዶ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሟል። አፍንጫው ሹል፣ ጀርባው ወደ ላይ የተሰበቀ፣ ገና ሳይነኩት የሚፈናጠር የሚመስል ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው እሱን እንደ ነበር ወዲያው ተሰማት።

«ቁልፉ ይኸው፤» አላት ሻጩ። «እንዲህ ያለ ባሕር ዳር ውስጥ ሁለተኛ አታገኝም።»

አገርነሽ ቁልፉን አልተቀበለችም። መዳፏን ወደ ሞተሩ ጎን አስጠጋችና ቀና ብላ አየችው።

«ለምን አሞቅኸው?»

«እ?»

«እኔ ሳልመጣ አስነሥተኸዋል። ቀዝቃዛ ሲሆን አልነሣ ይላል ማለት ነው?»

ሰውየው አንገቱን አከከ። ይህች ቀጭን የፊዚክስ አስተማሪ የአቶ አገኘሁ ልጅ መሆኗን አላወቀም። አቶ አገኘሁ ከናዝሬት መጥተው ባሕር ዳር የቀሩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፋብሪካ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለአንድያ ልጃቸው ያወረሷት ነገር ቢኖር የብረት ድምፅ መስማት ነው። ሞተር መንዳት ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው፤ ያቺ የሚነዷት ትንሽ ሞተር ከሞተች ወዲህ ግን አገርነሽ ከባሕር ዳር ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ባሕር ዳር በሚኒባስ ተጣብቃ ስትመላለስ አራት ዓመቷ። ዕቁቡ በወጣላት ሳምንት ለራሷ ማለች፤ በየቀኑ ትምህርት ቤቷ የሚያደርሳት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሁለት ሰው ይዞ ሩቅ የሚሄድ፣ ያገለገለ ቢሆንም ጤነኛ የሆነ ሞተር ልትገዛ።

የቀዩን ጎማ አየች፤ ሰንሰለቱን ነካች፤ የዘይቱን መስታወት ተመለከተች። ከባትሪው በቀር እንከን አላገኘችበትም። ባትሪ ደግሞ ይቀየራል። ልቧ ይቅር ሊለው ቸኮለ።

ከዚያ የኋላው መቀመጫ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

መቀመጫው የመዳፍ ስፋት ነው ያለው። የእግር መርገጫው ላይ ስትረግጥ ጉልበቷ ተጣጥፎ ሆዷ ጋ ደረሰ። ዐይኗን ጨፈነች። ያየችው የራሷን ጉልበት አልነበረም።

የምትወደው ፍሬ ስብሐት ከአራት ዓመት በፊት ከጢስ ዓባይ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ቀኝ ጉልበቱን ሰብሮታል። አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን ከግማሽ በላይ መታጠፍ እምቢ አለ። ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጥ ሕመሙ በላብ ያጠምቀዋል። የብራና መጽሐፍ በቆዳ እየደጎሰ በሚኖርባት ጠባብ ሱቁና በሐይቁ ዳር መካከል ካልሆነ የትም ከሄደ ቆይቷል። አገርነሽ የእናቷን ዳዊት ልታስደጉስ ሄዳ ነው ያወቀችው። ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍቅራቸው በእግር ከሚደረስበት አልፎ አያውቅም፤ እሷ ጎንደርን፣ ጎርጎራን፣ ቁንዝላን በወሬ ስታነሣ እሱ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ ወደ መርፌው ያቀረቅራል።

«ወሰድሽው?» አላት ሻጩ።

አገርነሽ ከኋላው መቀመጫ ወረደች። ቀዩን ሰርባትዮ፣ የነዳጁን ጋን፣ አንዴ በእጇ አሻሸችው፤ እንደ ሰው ተሰናበተችው።

«ለብቻዬ ብሆን ኖሮ ወስጄው ነበር፤» አለችና ሄደች። ከግቢው እስክትወጣ ዘወር ብላ አላየችውም፤ ብታየው እንደምትመለስ ታውቃለችና።

*

አመድማው ሞተር በሦስተኛው ሳምንት ተገኘ። የግሩም ነበር፤ ወደ ሐዋሳ የተዛወረ የውኃ መሐንዲስ ነው። ሞተሩ ዐይን አይገባም። ከጎኑ ሁለት ሣጥን የተንጠለጠለበት፣ ወገበ ሰፊ፣ ቀለሙ የዝናብ ደመና የመሰለ።

«ለምንድነው የምትሸጠው?» ስትል ጠየቀችው።

ግሩም ወደ በሩ በአገጩ አመለከተ። ሚስቱ ቃልኪዳን አንድ ሕፃን በግራ፣ አንድ ሕፃን በቀኝ ታቅፋ ቆማለች።

«መንታ!» አለች ቃልኪዳን እየሳቀች። «አራት ሆነን የት እንቀመጥበት? እኔ ግን ልንገርሽ፤ ከዚያ ከኋላው ተቀምጬ ጎንደር ደርሼ መጥቻለሁ፤ ወገቤን አላለኝም።»

አገርነሽ ተንበረከከች። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቁልፉን ስታዞረው በአንድ ጊዜ ተነሣ። የፊተኛው ሞላ ዘይት አያፈስም። ጎማው ከዓመት አይበልጠውም። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ ነው። ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ በግራ ብቻ ነው፤ ቀኝ እግር አያቃጥልም።

ከቦርሳዋ ክር አወጣች። ባለፈው ወር ፍሬ ስብሐት እግሩን ዘርግቶ ሲሠራ ተጎንብሳ ከዳሌው እስከ ተረከዙ የለካችበት ክር ነው። «ሱሪ ልታሰፊልኝ ነው?» ብሎ ስቆባት ነበር። ምሥጢሯን አልነገረችውም፤ ገዝታ፣ ደጁ ላይ አቁማ፣ ፊቱን ልታይ ፈልጋ ነው። ክሩን ከመቀመጫው እስከ መርገጫው ዘረጋችው። በአራት ጣት ይተርፋል። መርገጫው አራት ጣት ዝቅ ቢል፣ እግሩ እንደ ልቡ ይዘረጋል። አባቷ ደግሞ ብየዳ ያውቃሉ።

«ግሩም፣ ክብደትህ ስንት ነው?»

«ሰባ አራት ኪሎ። ምነው?»

«ልክ ነው። እባክህ ከኋላዬ ተቀመጥልኝ። ሁለት ሰው ሲይዝ እንዴት እንደሚሆን ማየት አለብኝ።»

ቃልኪዳን ሳቋ ግቢውን ሞላው። «ሂድ እንጂ! አንድ ቀን እንኳ አንተ ከኋላ ተቀምጠህ እየው!»

በሐይቁ ዳር መንገድ ወጡ። አመድማው ሁለት ሰው መያዙን ያወቀም አይመስል፤ ኩርባውን እንደ ታንኳ ተንሸራቶ ያልፈዋል፤ ፍሬን ስትይዝ አይወዛወዝም። በግሩም ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጦ ታያት። በዚህ መንገድ፣ በዚህ ነፋስ፣ ያ ሰው ከኋላዋ። አገርነሽ አንገቷን ቀና አድርጋ እንደ ልጅ ሳቀች።

ሐይቁ ዳር፣ ከሾላው ሥር፣ ምርኩዙን አጠገቡ አስደግፎ የተቀመጠው ፍሬ ስብሐት ያየው ይህን ሳቅ ነው።

መጀመሪያ የሄልሜቷን ብጫ መስመር ለየ። ቀጥሎ ከኋላዋ የተቀመጠውን ጎልማሳ አየ፤ ጉልበቱ ያለ ችግር የታጠፈ፣ ትከሻው ሰፊ። ከዚያ ሳቋን ሰማ። አልፈውት ሄዱ። የሐይቁ ውኃ አልተንቀሳቀሰም፤ ሾላውም አልተንቀሳቀሰም፤ በእሱ ውስጥ ግን አንድ ነገር ድምፅ ሳያሰማ ፈረሰ።

*

እሑድ ረፋድ ላይ አገርነሽ አዲሱን ሞተሯን እያስገመገመች ሱቁ ደጅ ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ስልኩ ዝግ ነው። አጠገቡ ልብስ የምትሰፋው ጎረቤቱ የታጠፈ ወረቀት ሰጠቻት።

«በጥዋቱ ጀልባ ወደ ቁንዝላ ሄደ፤ አባቱ ዘንድ። ዐይኑ ደኅና አልነበረም።»

አገርነሽ ሄልሜቷን ሳታወልቅ አነበበችው። ፊደሉ እንደ ሁልጊዜው የተለቀመ ነው።

«ይድረስ ለአገርነሽ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ሾላው ሥር ተቀምጬ አየሁሽ። ሞተር ስትነጂ አየሁ፤ ከኋላሽ ያለውንም ሰው አየሁ። ስትስቂ ሰማሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር እንዲያ ስቀሽ አታውቂም። አልተቆጣሁም፤ እንዲያውም ለካ እንዲህ መሳቅ ትችያለሽ አልሁ። አንቺ የመንገድ ሰው ነሽ። የእኔ እግር አንቺ ከምትደርሽበት አያደርስም። አባቴ የቄስ ልጅ አጭተውልኛል፤ እስከ ዛሬ ልነግርሽ ፈርቼ ነበር፤ እንቢም እሺም ሳልል ቆይቻለሁ። አሁን እሺ ልላቸው ነው። አትጻፊልኝ። መልስሽን ካነበብሁ እመለሳለሁና።»

አገርነሽ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አስቀድሞ የመጣው ሐዘኑ ነው፤ ቀጥሎ ቁጣው መጣ። ቁጣው ሲበርድ ከሥሩ ያገኘችው ግን የመጨረሻዋን መስመር ነበር። *መልስሽን ካነበብሁ እመለሳለሁና።* ያችን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበቻት።

ቤት ስትገባ አቶ አገኘሁ ፊቷን አዩ፤ ደብዳቤውንም አዩ። ክሩን ከእጇ ተቀበሉ።

«ይህ ልጅ ጥሎሽ ሄደ ማለት ነው?»

«እሱ እንደዚያ መስሎታል፣ አባዬ።»

«ታዲያ መርገጫውን ልተወው?»

አገርነሽ ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ይበይዱት።»

አምስት ቀን ሐሙሲት ተመላለሰች። ጥዋት በአስፋልቱ ላይ ስትበር የተማሪዎቿ እጅ ከመንገዱ ዳር ይውለበለብላታል፤ ሻይ ቤቶቹ በር ላይ ሰው ይነሣል። እንዲህ ያለ ሳምንት ኖሯት አያውቅም፤ ደስታው ግን ግማሽ ነበር። ከኋላዋ ያለው ባዶ ቦታ ከሙሉ ሰው ይልቅ ከበዳት።

*

በሚቀጥለው እሑድ ከጥዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣች። መራዊን፣ ዱርቤቴን አለፈች። ከዚያ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ጀመረ። ቀዩን ብትገዛ ኖሮ ሆዱ ድንጋይ ይልሰው ነበር፤ አመድማው እያጉረመረመ ተሻገረው። አቧራው ቅንድቧ ላይ ተጋገረ። «ምን ልል ነው የምሄደው?» እያለች ራሷን ጠየቀች። ሞተሩ ግን ሄደ፤ እሷም ሄደች።

ቁንዝላ ስትደርስ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል። ሞተሩን ከቅጥሩ ርቃ አቆመች፤ ሄልሜቷን አውልቃ ከሣጥኑ ነጠላዋን አወጣችና ተከናነበች፤ ደጁን ተሳልማ ቆመች። ሰው ሁሉ ዘወር እያለ ያያታል፤ ሱሪዋን፣ አቧራዋን፣ ሞተሯን።

ፍሬ ስብሐት በምርኩዙ እየተደገፈ ወጣ። ከጎኑ አባቱ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ አሉ፤ ግማሹ አገር የኔታ የሚላቸው፣ ቅኔ ያስተማሯቸው ልጆች በየደብሩ የተበተኑላቸው ሽማግሌ።

አያት። ምርኩዙ ከእጁ ሊያመልጥ ትንሽ ቀረው።

«አትጻፊልኝ ብዬሽ አልነበር?» አለ።

«አልጻፍኩልህም። መጣሁ።»

«አገርነሽ... ያ ሰው...»

«ያ ሰው ሰባ አራት ኪሎ ነው!»

ፍሬ ስብሐት አልገባውም።

«ምን?»

«አንተም ሰባ አራት ኪሎ ነህ። ባለ ሚስት ነው፤ የመንታ አባት ነው፤ ሞተሩን የሸጠልኝ ሰው ነው። ከኋላ ያስቀመጥኩት አንተን ስይዝ ሞተሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ነው። ስስቅ ሰማህ አይደል? ከኋላዬ ያለኸው አንተ መስለኸኝ ነው የሳቅኩት!»

ከሴቶቹ መካከል አንዲት «እሰይ!» አለች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የወደድኩት ሌላ ነበር፤» አለች አገርነሽ። «ቀይ ነበር። በሕልሜ ሁሉ ያየሁት ነበር። ከኋላው ተቀምጬ ጉልበትህን አሰብኩና ተውኩት። አንድም ቀን አልቆጨኝም። መንገዱን ፈርተህ ከሆነ ንገረኝ፤ አብረን እንፈራለን። እኔን ጠልተህ ከሆነም ንገረኝ፤ አሁኑኑ እመለሳለሁ። ለእኔ አዝነህ ከሆነ ግን፣ ፍሬ፣ ለእኔ እንድታዝን ማን ፈቀደልህ?»

ፍሬ ስብሐት አፉን ከፍቶ ቆመ።

በዚህ መካከል መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ወደ ሞተሩ ሄደው ነበር። መቋሚያቸውን ይዘው ዞሩት። ጎንበስ ብለው በቀኝ በኩል ያለውን መርገጫ አዩ።

«ይህ ብረት ኋላ የተበየደ ነው፤» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ። አባቴ ናቸው የበየዱት።»

«ለምን በቀኙ ብቻ?»

«የሚያመው ቀኙ ስለሆነ። አራት ጣት ዝቅ ካለ ሳያጥፈው ይቀመጣል። በክር ለክቼዋለሁ።»

መሪጌታ አራት ጣታቸውን ገጥመው ከብየዳው ላይ አሳረፉ። ልክ ነው። ቀና ሲሉ ዐይናቸው ቀልቷል።

«አራት ዓመት፤» አሉ በቀስታ። «ስለዚህ እግር አራት ዓመት አለቀስን። ጸበል ወሰድነው፤ ተሳልን። እኔ አባቱ አንድ ቀን እንኳ አልለካሁትም።»

«የኔታ...»

«ቆይ፣ ልጄ፣ ልጨርስ። ያንቺን ነገር ሰምቼ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ ከእኛ ወገን ያልሆነች፣ ሞተር የምትነዳ አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ልጠይቅ አልወደድሁም። እንግዲህ ለአጨሁለት ቤት ነገ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሸክሙ የእኔ ነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ? አፍህን ከፍተህ ልትውል ነው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የኔታ፣ ወንድ ልጅ ከሴት ኋላ ተፈናጥጦ... ሰው ምን ይላል?»

«ታንኳ ላይ የወጣ ሰው» አሉ መሪጌታ፣ «መቅዘፊያውን የያዘውን ያምናል። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ ብሎ ሲከራከር ሰምተህ ታውቃለህ?»

ሳቅ ተሰማ፤ ሽማግሌውም ሳቀ።

ፍሬ ስብሐት ወደ አገርነሽ ተራመደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፊት ለፊቷ ሲቆም ቅንድቧ ላይ ያለውን አቧራ አየ፤ በዚያ አቧራ መካከል ዕንባዋ የቀደደውን ቀጭን መንገድ አየ። የመጣችበትን አገር ሁሉ እዚያ ላይ አነበበው።

«ፈርቼ ነበር፤» አላት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። «መንገዱን አይደለም። አንድ ቀን ዘወር ብለሽ እኔን ስታዪ ‹ምነው ይህን ባልያዝሁ› ትላለሽ ብዬ ፈራሁ። ቀድሜሽ ልሂድ ብዬ ሄድሁ። በደልሁሽ።»

«በድለኸኛል።»

«ይቅር በይኝ።»

«ውጣ፤» አለች አገርነሽ፤ ሁለተኛውን ሄልሜት ዘርግታ። «መጀመሪያ ውጣ። ስለ ይቅርታው እየሄድን እንነጋገራለን።»

ተቀበላት። መሪጌታ ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት፤ የልጃቸውን ነጠላ ከትከሻው ገፈው አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉት።

«ይህ እኔ ዘንድ ይቆይ። ጎማው ይጎትተዋል።» ቀጥለውም አገርነሽን አዩ። «አንቺም ነጠላሽን አምጪ። እስከ ዘጌ መገንጠያ ድረስ አትሂዱብኝ፤ ዞር ብላችሁ ለምሳ ተመለሱ። የማይበላ እንግዳ ደጄን ረግጦ አያውቅም።»

አገርነሽ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ግንባሯን ሳሟት።

ሞተሩን አስነሣች። ፍሬ ስብሐት ግራ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ በጤነኛው እግሩ መርገጫውን ረገጠ፤ ግትር ቀኝ እግሩን በሰው ሁሉ ፊት ወደ ላይ አሻግሮ አሳለፈው። ተረከዙ ብረቱን ፈልጎ አገኘው። ሕመሙን ጠበቀ። አልመጣም። እንደገና ጠበቀ። አልመጣም።

«ተመቸህ?» አለች ወደ ኋላ ሳትዞር።

ሁለት እጁን በወገቧ ዙሪያ አገናኝቶ ግንባሩን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ሴቶቹ እልል አሉ። ከቅጥሩ ሥር እስከ ገበያው ጫፍ እልልታው ተቀባበለ።

ቀስ ብላ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። አመድማው ሁለቱን ይዞ በሕዝቡ መካከል አለፈ፤ የመጨረሻውን ቤት፣ የመጨረሻውን የባሕር ዛፍ አጥር አለፈ። ጉብታው ላይ ሲወጡ ጣና በግራቸው በኩል ወለል ብሎ ተዘረጋ። አገርነሽ ለእሱ ብላ፣ ለእግሩ ብላ፣ ለፍርሃቱ ብላ በዝግታ ትነዳለች።

ያኔ ከጆሮዋ ሥር፣ በነፋሱ መካከል፣ ከዚህ በፊት ሰምታው የማታውቀውን የፍሬ ስብሐትን ጩኸት ሰማች።

«ጨምሪ! አገርነሽ፣ ጨምሪ!»

እየሳቀች ጨመረች።